የጋራ መመርመሪያ ግዢ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ
ወንድሞችና እህቶች፣ በማኅበሩ ገንዘብ ስለሚገዛው የመኪና መመርመሪያ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚህ እናዳብር። መነሻው አጭር ነው፦ አንድ ሙሉ ባለ ታብሌት ስካነር፣ ላውንች ወይም አውቴል፣ ገዝተን ለአባል ጋራዦች በተራ ማዋል። ማሻሻያም ተቃውሞም ያለው ይጻፍ። ቅዳሜ ማታ አጠቃልዬ ለሥራ አመራሩ አስገባለሁ።

ከጎፋ
ግዢውን እደግፋለሁ፣ "በተራ" የሚለው ግን አያስኬድም። ቼክ ኢንጂን በርቶበት የመጣን ደንበኛ "ማሽኑ ሐሙስ ነው የሚደርሰን" ብንለው ጥሎን ይሄዳል። በሁለት እንክፈለው፦ ለየጋራዡ የመኪናውን የስህተት ኮድ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚያነብ ትንሽ አንባቢ፣ ለማኅበሩ ደግሞ አንድ ትልቅ ማሽን። ለቪትዝና ለኮሮላ የዕለት ሥራ ትንሹ ይበቃል።

ከሶማሌ ተራ
የጎፋው ወንድሜ ልክ ነው፤ ትንንሾቹን ግን በጅምላ እንዳንገዛ። ገበያ ላይ "ኢኤልኤም 327" ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ቅጂ ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ውስጡ ያለው አይገናኝም። አሜሪካ የሚሸጥ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አንድ ዓይነት ሶኬት እንዲኖረው ተገድዷል፣ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ካን በሚባለው የኮምፒውተር መስመር ይነጋገራል። የእኛ መኪና ግን ከጃፓንም ከዱባይም ይመጣል። 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት ከመሪው ሥር ስላየን ብቻ ያነባል ማለት አይደለም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ናሙና እንግዛ። በ6ኛውና በ14ኛው ቀዳዳ በካን የሚነጋገር አዲስ መኪና ላይ፣ ከዚያም በ7ኛው ብቻ የሚነጋገር አሮጌ መኪና ላይ እንሞክራቸው። ሁለቱንም ያነበበው ይገዛ።

ከሳሪስ (የመኪና ኤሌክትሪሺያን)
እኔ የምለው ከዕቃው በላይ ሥልጠናው ላይ ገንዘብ እንመድብ ነው። አንድ ባለ ዲዛየር የገዛውን አዲስ የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካውን) ይዞ መጣ። ስልኩ ላይ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ 76 ኪሎፓስካል ስላሳየው፣ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ "101 መሆን አለበት" የሚል ስላነበበ፣ መኪናው ላይ የነበረው ሴንሰር ሞቷል ብሎ ደምድሟል። 101 ለጅቡቲ ነው! አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሞተር ሳይነሳ ሴንሰሩ የሚያሳየው የውጭውን አየር ግፊት ነው፣ እሱም ራሱ 76 ወይም 77 ነው። የድሮው ሴንሰር ጤነኛ ነበር፣ ገንዘቡ በከንቱ ወጣ።

ፒ0171 የሚባለውን የስህተት ኮድም ውሰዱ። ኮዱ "ቅይጡ ቀጥኗል" (ለአየሩ ነዳጁ አንሷል) ይላል እንጂ ምን እንደተበላሸ አይነግርም። ብዙዎቻችን ወዲያው ኦክስጅን ሴንሰር እንቀይራለን። በስልኩ ላይ የነዳጅ ማካካሻውን ቁጥር (ኮምፒውተሩ ስንት ነዳጅ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ) ብናይ ነገሩ ይለያል፦ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) 20 ፐርሰንት ጨምሮ፣ 2,500 ዙር ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ከወረደ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ፈልጉ። ዙር ሲጨምር እሱም አብሮ ከጨመረ የነዳጅ ፓምፑንና ፊልትሮውን ተመልከቱ። ይህን ማንበብ የሚችል መካኒክ በርካሹ አንባቢ ይሠራል፤ የማይችል ውዱንም ይዞ ዕቃ ይቀያይራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጋራዥ ቢያንስ አንድ ሰው ሳያሠለጥን አንባቢ እንዳይወስድ ሐሳቡ ውስጥ ይግባ።

ከቃሊቲ
ትክክል ብለሻል ልጄ። የናፍታውን ነገር ግን አትርሱብኝ። ሃይሉክስ ላይ እንጀክተር ከቀየርን በኋላ ራሱ ላይ የተጻፈውን የማስተካከያ ቁጥር ኮምፒውተሩ ውስጥ ማስገባት አለብን፤ ካልገባ ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ይሠራል። ይህን ትንሹ አንባቢ አይጽፍም፣ ትልቁ ማሽን የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። ሌላው፣ ሲኖትራክና ትልልቆቹ አይሱዙዎች 24 ቮልት ናቸው። ለ12 ቮልት የተሠራውን ከነሱ ጋር የሚሰካ ልጅ ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል። እያንዳንዱ አንባቢ ላይ "12 ቮልት ብቻ" ተብሎ ይለጠፍ።

ከቨርጂኒያ (የቀድሞ አባል)
ከሩቅም ቢሆን አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ የጭስ ምርመራ ላይ መኪናውን ከሶኬቱ ያነቡታል። ባለመኪናው በዋዜማው ኮድ አጥፍቶ ከመጣ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻ ገና ስላልጨረሰ ይታወቅበታል፣ ይመለሳል። እናንተም ደንብ አድርጉት፦ ኮድ ከመጥፋቱ በፊት ፎቶ ይነሳ፣ ሞተሩ በምን ሙቀትና በስንት ዙር ላይ እያለ እንደተመዘገበም ይጻፍ። ኮዱ ከጠፋ ያ መረጃ አብሮ ይጠፋል።

ከገርጂ
የቱኒንግ ሶፍትዌርም (የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚቀይረውን) እንጨምርበት እንዴ? "ለአዲስ አበባ ከፍታ ጉልበት ጨምሩልን" የሚል ደንበኛ እየበዛ ነው።

ከሳሪስ
ወንድሜ፣ ይህንን አጥብቄ እቃወማለሁ። በከፍታ ማስተካከል ለካርቡሬተር መኪና ነበር፤ በእነዚያ ጂግለር (ነዳጅ የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) እንቀይር ነበር። የዛሬው ኮምፒውተር የአየሩን መጠን ራሱ ለክቶ ነዳጁን ይቀንሳል። የጠፋው ጉልበት አየሩ ስለሳሳ የጠፋ ነው፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር ላይ በሶፍትዌር አይመለስም። ላዩ ላይ ደግሞ ፕሮግራም እየተጫነ ባትሪው ቢወርድ ኮምፒውተሩ እዚያው ይሞታል። በማኅበር ስም የሰው መኪና ላይ ይህን አንሞክርም።

ከቃሊቲ
እኔም ከሷ ጋር ነኝ።

ከጎፋ
የኤሌክትሪክ መኪናውስ? በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ተከልክሏል፤ ቢዋይዲና አይዲ 4 በየመንገዱ ነው። ትልቁን ማሽን ስንመርጥ የባትሪ ሴሎችን የሚያነብ መሆኑን እንጠይቅ። ማንበብ ብቻ ግን፤ ከፍተኛ ቮልቴጁን መንካት ሌላ ሥልጠናና ጓንት ይፈልጋል።

ጸሐፊ
አመሰግናለሁ። አንድ ነገር እኔም ላንሳ፦ የትልቁ ማሽን ሶፍትዌር ዓመታዊ ማደሻ በዶላር ነው የሚከፈለው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በኋላ በብር ሲሰላ ከብዷል። ስለዚህ ከግዢው ጋር የሁለት ዓመት ማደሻ አብሮ እንዲገዛ፣ ከየምርመራው ላይ ጥቂት ብር ለቀጣዩ እንዲቀመጥ እጽፋለሁ።

የተሻሻለው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ "ማኅበሩ ናሙናቸው ተፈትኖ ያለፈ የብሉቱዝ አንባቢዎችን ለአባል ጋራዦች ይገዛል፤ አንባቢ የሚወስድ ጋራዥ አስቀድሞ አንድ ባለሙያ ያሠለጥናል። አንድ ሙሉ ስካነር ከሁለት ዓመት ማደሻ ጋር ይገዛል፤ ለእንጀክተር ኮድ ማስገባትና መሰል ሥራ ይውላል። ኮድ ሳይመዘገብ አይጠፋም። የቱኒንግ ሥራ በዚህ ዕቅድ አይካተትም። በአዲስ አበባ ከፍታ ጤነኛ የሆኑ የሴንሰር ቁጥሮች በአንድ ገጽ ታትመው ለየጋራዡ ይታደላሉ።" የቁጥሩን ገጽ ከሳሪስ እህታችን ታዘጋጀዋለች።

ከሶማሌ ተራ
ጥሩ ነው። ትልቁ ማሽን የት ይቀመጣል?

ከቃሊቲ
ቢሮ ይቀመጥ። የሚወስደው ፈርሞ ይውሰድ፣ በማግስቱ ይመልስ። በእጁ እያለ ከተሰበረ ያሳድሳል።

ጸሐፊ
ይጨመራል። ቃሉ ላይ ማሻሻያ ያለው እስከ ቅዳሜ 12 ሰዓት ይጻፍልኝ።