ሽማግሌው 5፣ ወጣቱ 3፦ ደጋ ላይ የኒውስን ነጥብ እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ?

ጠያቂ፦ የዋርድ ነርስ፣ ደቡብ ወሎ

ሰላም ለሁላችሁም። ደቡብ ወሎ ደጋው ላይ ባለ አንድ ሆስፒታል የዋርድ ነርስ ነኝ፤ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ቫይታል ሳይን (ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ግፊት፣ ሙቀት የመሳሰሉትን) በለካን ቁጥር የኒውስን ነጥብ ደምረን ቻርቱ ላይ እንድንጽፍ ተነግሮናል። ኒውስ ማለት ልኬቱ ከጤነኛው በራቀ ቁጥር ነጥብ እየጨመረ፣ በሽተኛው እየባሰበት መሆኑን ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ድምር ነው። 5 ከሞላ ሐኪም ይጠራል፤ 7 ከደረሰ ሩጫ ነው። አሠራሩን ወድጄው ነበር። ድሮ ሌሊት ሐኪም ቀስቅሼ «ምን አየሽ?» ስባል «ሁኔታው አላማረኝም» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። አሁን ቁጥር አለኝ። የዛሬ ሦስት ቀን ሌሊት ያየሁት ግን ግራ አጋባኝ።

ለቡአ ቀዶ ጥገና የተኙ አንድ ሽማግሌ አሉ። ቁጭ ብለው ከልጃቸው ጋር ስለ ገብሳቸው ያወራሉ። ሳቹሬሽን (በደም ያለው ኦክስጅን፣ ከመቶ) 91፣ የልብ ምት 94፣ ሙቀት 35.8፣ ትንፋሽ 18፣ ግፊት 130/80። ለሳቹሬሽኑ 3፣ ለልብ ምቱ 1፣ ለሙቀቱ 1፤ ድምሩ 5። ሐኪሙን ቀሰቀስኩት። መጥቶ «አባባ ምን ሆኑ?» ቢላቸው «እኔስ ደህና ነኝ፣ ይቺ ልጅ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ» አሉት። ምንም ሳይል ተመለሰ።

ሦስት አልጋ አለፍ ብሎ ደግሞ ሳልና ትኩሳት ይዞት የገባ የ22 ዓመት ወጣት ተኝቷል። ቻርቱ እንዲህ ይላል፦ ሳቹሬሽን 93፣ የልብ ምት 108፣ ግፊት 112/70፣ ሙቀት 37.9፣ ትንፋሽ 20፣ ንቁ። ድምሩ 3 ነው፤ ማንም አይጠራም። እናቱ ግን እጄን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ አሁን በእህቱ ስም ጠራኝ። ይሄ ልጅ እኔ የማውቀው አይደለም» አሉኝ። የተከናነበውን ባና ገልጬ ደረቱን እያየሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ። 28 ነው። ለትንፋሹ 3፣ አዲስ ለመጣው መዘባረቅ 3፤ ከ3 ተነስቶ 9 ገባ። መድኃኒት ተጀምሮለት በዚያው ሌሊት አምቡላንስ ወደ ደሴ ወሰደው።

ደህና የመሰሉኝ ሰው ሐኪም አስቀሰቀሱኝ፤ የታመመው ዝም ሊባል ነበር። እናንተ ለደጋ ሰው ሳቹሬሽኑን ታስተካክላላችሁ? ወይስ ሌላ ነጥብ አላችሁ?

መልስ፦ ጤና መኮንን፣ ሰሜን ወሎ

አብሽሪ እህቴ፣ እኛም ጋ ያው ነው። ኒውስ በ2012 ለንደን ባለው የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ወጥቶ በ2017 የተሻሻለ ነው። ከሳቹሬሽን 96ን ጤነኛ ብሎ የሚነሳው ለቆላ አየር ነው። እኔ ራሴን ኮምቦልቻ ላይ ስለካ 97፣ ደሴ ወጥቼ ስለካ 94 ነኝ፤ ሳልታመም 1 ነጥብ ማለት ነው። ስለዚህ ሰውየው ደህና ከመሰለኝ የሳቹሬሽኑን ነጥብ ትቼ ነው የምደምረው። ድንገተኛ ክፍል ደግሞ የደቡብ አፍሪካውን ትሪያጅ (ማን ቀድሞ ይታይ የሚለውን መለያ) እንጠቀማለን። የእሱ ድምር ውስጥ ሳቹሬሽን የለም፤ በእሱ ፋንታ በሽተኛው በእግሩ መጣ፣ ተደግፎ መጣ ወይስ በቃሬዛ ብሎ ነጥብ ይሰጣል። ለእኛ አገር ይሄ ይቀላል።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ደሴ

ወንድሜ፣ «ደጋ ነው» ብሎ ነጥቡን መጣል ላይ አልስማማም። በ2002 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ሰሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ ላይ፣ 3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ጤነኛ አማሮች ተለክተው አማካይ ሳቹሬሽናቸው 95.3 ሆኖ ተገኝቷል። የአንዲስና የቲቤት ሰዎች በዚያ ከፍታ ላይ ከዚህ ያነሰ ነው ያላቸው። እርግጥ ደጋ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ አንዳንድ ጤነኛ ሰው ዝቅ ይላል፤ አንተም ራስህ ላይ አይተኸዋል። ግን ደጋ ስለሆነ ብቻ 91 ደህና ነው የሚል ሕግ የለም።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። አስታማሚውን እለካለሁ። እዚያው አልጋ ጫፍ የተቀመጠው ጤነኛ ልጅ በዚያው አየር፣ በዚያው መሣሪያ፣ ጣቱን አሙቆ ሲለካ ስንት ነው? እሱም 91 ወይም 92 ከሆነ ነገሩ ከፍታው ወይም መሣሪያው ነው። እሱ 95 ሆኖ አባቱ 91 ከሆኑ ግን ነገሩ ሳንባቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጭስ የሞላበት ጎጆ ውስጥ የኖሩ ሽማግሌ ቁጭ ብለው ያወራሉ ብለን 91ን ማለፍ የለብንም፣ በተለይ ሰመመን ሊሰጣቸው ከሆነ። ሙቀታቸው 35.8 የሆነው በብብት ለክተሽ ከሆነ እሱን እንደገና እዪው፤ ብብት ዝቅ ያደርጋል። ቻርቱን ግን አትቀይሪው። ነጥቡን እንዳለ ጻፊና ጎኑ ላይ «አስታማሚ፦ ይህን ያህል» ብለሽ ጨምሪበት።

ስለ ወጣቱ ልክ ነሽ። ዩቪኤ የሚባል ነጥብ አለ፤ በ2017 የወጣ፣ በጋቦን፣ ማላዊ፣ ሴራሊዮን፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳና ዛምቢያ ሆስፒታሎች በተኙ በሽተኞች መረጃ የተሠራ። እዚያ ላይ ሳቹሬሽን ከ92 ሲወርድ 2 ነጥብ ነው፤ የአእምሮ ንቃት ትንሽ ሲዛባ ግን 4 ነው፣ ከሁሉም ትልቁ። የእናትየው ቃል በዚያ ሚዛን ከኦክስጅኑ እጥፍ ይመዝናል። የሳንባ ምች ክብደት የሚለካበትን ነጥብ፣ ሲአርቢ-65ን ብትደምሪለት ኖሮ ደግሞ የሚያገኘው ለመዘባረቁ 1 ብቻ ነው። ትንፋሹ 30 አልሞላ፣ ዕድሜው 65 አልደረሰ፤ ወጣትነቱ ይሸፍነዋል።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ ሲስተር፣ ኮምቦልቻ

ልጆቼ፣ ስለ ከፍታው ተነጋገራችሁ፤ እኔ ስለዚያች 20 ልናገር። ስንት ዋርድ ዞሬያለሁ፤ የሁሉም በሽተኛ ትንፋሽ 20 ነው። የሚሞተውም 20፣ ነገ የሚወጣውም 20። ለምን? ስለማይቆጠር። ደጋ ላይ በሽተኛው በባና ተጠቅልሎ ነው የሚተኛው፣ ደረቱ አይታይም። ገልጦ ማየት ብርድ ማስገባት ይመስላል። ነጥቡ ግን በዚያች ባልተቆጠረች ቁጥር ላይ ነው የሚቆመው። እኔ የልብ ምት የምቆጥር መስዬ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርጌ እይዛለሁ፤ ሲተነፍሱ እጄ አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። እየቆጠርሽ እንደሆነ ካወቁ አተነፋፈሳቸው ይቀየራል። ደቂቃውን ሙሉ፣ ግማሹን ቆጥረሽ በሁለት አታባዢ።

ጠያቂ፦

ዶክተር፣ ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ወንድሜ አንተንም። የዋርዱ የግድግዳ ሰዓት ሰከንድ ቆጣሪ ከቆመ ቆይቷል፤ 20 እየተባለ የሚጻፍበት አንዱ ምክንያት እሱም እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ዛሬ ከቤት ሰዓት ይዤ መጣሁ።

ማታ የዘጠኝ አስታማሚዎችን ሳቹሬሽን ለካሁ፤ ከ93 እስከ 96 ናቸው። የሽማግሌው ልጅ 95 ነው። አባትየውን ጣታቸውን አሙቄ ሁለት ጊዜ ለካኋቸው፤ 91፣ ከዚያ 90። ሙቀታቸው በአፍ ሲለካ 36.5 ነው። ለሰመመን ባለሙያው ወረቀቱን አሳየሁት። ደረታቸውን አዳምጦ ሲያበቃ ሁለቱም በኩል ሲር ሲር ይላል አለኝ። ራጅ ታዘዘላቸው፣ ቀዶ ጥገናውም ለሌላ ቀን ተላለፈ። አባባ ተቆጥተውኛል፤ ገብሱ ደርሷል፣ የሚያጭደው ሰው የለም።