በማኑዋል ሳይማሩ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይገባል ወይስ አይገባም? የጎንደር ሰዎች ክርክር

ጠያቂው (ማራኪ)፦
ሰላም የጎንደር ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ቤታችንን ለሁለት የከፈለ ጉዳይ ይዤ መጣሁ። ታናሽ እህቴ መኪና መንዳት ልትማር ነው። ቤት ያለችው ቪትዝ ናት፣ አውቶማቲክ። «በማልነዳው የእጅ ማርሽ (ማኑዋል) ለምን እማራለሁ? ለምንስ እፈተናለሁ?» ትላለች። አጎታችን ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። «ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠውን) የማያውቅ ሹፌር አይባልም» ብለው ቡናው በረካ እስኪደርስ አልለቀቋትም። እኔ ወደ እህቴ አደላለሁ፤ ግን የአጎታችንን ቃል ንቄ መተው አልቻልኩም። በአውቶማቲክ ብቻ ተምሮ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይገባል ወይስ አይገባም? ምክንያታችሁንም ጨምሩበት።

ባለ ባጃጅ (ፒያሳ)፦
አይገባም። ነገ ሌሊት ጎረቤት ታሞ ማኑዋል መኪና ብቻ ቢገኝ ቁልፍ ይዛ ልትቆም ነው?

ባለ ሲኖ (መተማ መስመር)፦
አጎትህ ልክ ናቸው። እኔ የምነዳው ሲኖ የጭነት መኪና ነው፣ ባለ 371 ፈረስ ጉልበት፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) 10 ማርሽ አለው። ከመተማ ሰሊጥ ጭኜ የጭልጋን ዳገት ስወጣ ሞተሩ ከመድከሙ በፊት ድምፁን ሰምቼ ማርሽ እቀንሳለሁ። ዳገቱን ገና ከሩቅ አየዋለሁ። የአውቶማቲኩ ኮምፒውተር ግን ጎማው ዳገቱን ሲረግጥ ነው የሚነቃው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከታላላቆቻችን የተቀበልነው ደንብ አንድ ነው፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ይህን ደንብ እግርና እጅ ናቸው የሚማሩት። በአውቶማቲክ ብቻ ያደገ ልጅ መኪና ከፍሬን ሌላ መያዣ ያለው አይመስለውም። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ ፍሬን ብቻውን የትም አያደርስም።

ነርሷ (አዘዞ)፦
የግራ እግሬ በልጅነቴ በፖሊዮ ተጎድቷል፤ ፍሪሲዮን መርገጥ አልችልም። አውቶማቲክ ላይ የግራ እግር ሥራ የለውም፣ ነዳጁም ፍሬኑም በቀኝ ነው። የሌሊት ተረኛ ስሆን ራሴን ነድቼ ሥራ የምደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። «ሹፌር አይባልም» ስትሉ እኔን ከመንገድ እያወጣችሁኝ መሆኑን እወቁት።

ባለ ሲኖ (መተማ መስመር)፦
እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እንዳንቺ ላለ ሰው በልዩ ሁኔታ ይፈቀድ፣ ማንም አይቃወምም።

ነርሷ (አዘዞ)፦
ይቅርታህን ተቀብያለሁ ወንድሜ። «በልዩ ሁኔታ» የሚለውን ግን አልቀበልም። በደንብ መንዳቴ ይመዘን። ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደምይዝ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ማንን እንደማስቀድም ይታይ። በእዝነት የሚሰጠኝ ነገር አልፈልግም።

አዛውንቱ መካኒክ (አራዳ)፦
ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከመኪና ሥር ነው፤ እስቲ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ፍሬን እምቢ ብሎት የመጣን መኪና ስፈታ ብዙ ጊዜ የማገኘው አንድ ዓይነት ነገር ነው። የፍሬኑ ሸራ ከስሏል፤ ሸራው የሚይዘው ታምቡር ከግለቱ የተነሳ ሰማያዊ ሆኗል። የትንሽ መኪና ከሆነ የፍሬኑ ዘይት ፈልቶ እንፋሎት ይሠራል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል። እነዚህ መኪኖች ማኑዋልም ነበሩ፣ አውቶማቲክም ነበሩ። የማኑዋሉን ሹፌር «እንዴት ወረድክ?» ስለው፣ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ነው የወረደው! ፍሪሲዮን ያውቃል፤ በፈተናም አልፏል። ታዲያ ምን ጠቀመው?

ደግሞ ቁጠባ አይደለም፣ ይህን ጻፉልኝ። ኢንጄክሽን ሞተር ማርሽ ውስጥ እያለ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል። ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፣ መኪናውም በዚያው ይያዛል። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሰው ነዳጁንም ሸራውንም ይከስራል።

ባለ ሲኖ ልጄ፣ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ያልከው ወርቅ ነው። ግን ሌላውንም ተናገር እንጂ። የጫነ ማኑዋል ቁልቁለቱን ጀምሮ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ብትል ከያዝከው ይወጣል፤ ወደ ታችኛው ግን አይገባልህም። ካምቢዮው እየጮኸ ዜሮ ላይ ትቀራለህ። ያኔ የቀረህ ፍሬን ብቻ ነው፤ እሱም ግሏል። አዲሶቹ ከባድ መኪኖች ላይ ይህ ስሕተት ይቀንሳል። ቮልቮ በ2001 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያወጣው ባለ 12 ማርሽ ካምቢዮ ውስጡ ያው የምናውቀው ማኑዋል ነው፤ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠውና ማርሹን የሚያስገባው ግን ኮምፒውተር ነው። አንዳንዶቹማ መንገዱን በሳተላይት ካርታ አስቀድመው አይተው ዳገቱ ሳይደርስ ማርሽ ይመርጣሉ። ስለዚህ «ኮምፒውተር ዳገት አያይም» የሚለው ያለፈ ነገር ሆኗል።

ለቪትዟ ልጅ ደግሞ፦ ማርሹን ዲ ላይ ጥላ ረጅም ቁልቁለት አትውረድ። ዲ ላይ ካምቢዮው ቀላል (ከፍ ያለ ቁጥር ያለው) ማርሽ እየመረጠ ይለቃታል። ኤል ወይም 2 የሚል ካለ፣ ወይ ቢ የሚል ካለ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር እሱን ታስገባ። ሞተሩ ሲጮህ አትደንግጥ፤ እየያዘላት ነው።

ባለ ሲኖ (መተማ መስመር)፦
ጋሼ፣ ያስተማሩኝን አልክድም፤ ማርሹ እምቢ ብሎኝ ያውቃል። እግዚአብሔር ነው ያተረፈኝ። ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። እኔ ገንዳውሃ በረሃ ላይ ብቆም ማኑዋሉን በአቅራቢያ ያለ መካኒክ ፈቶ ይገጥመዋል። ያ በኮምፒውተር የሚገባው ካምቢዮ አንዲት ሴንሰር ብትበላሽበት ማን ያነብልኛል? መኪናውን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አዲስ አበባ ላስጎትተው ነው? ሰሊጡ ይጠብቀኛል? የመኪናው ባለቤትስ?

አዛውንቱ መካኒክ (አራዳ)፦
በዚህስ አሸነፍከኝ። መመርመሪያው ያለው ጥቂት ሰው ጋ ነው፤ እኔም የተማርኩት ዘግይቼ ነው። መለዋወጫውም ውድ ነው። ጎንደር ላይ ለንግድ የሚሠራ ከባድ መኪና ግዙ ብባል ዛሬም ማኑዋሉን እመርጣለሁ። የተጠየቅነው ግን ስለ ግዢ አይደለም፤ ስለ መንጃ ፈቃድ ነው።

ባለ ቪትዝ (ሳሙና በር)፦
ጋሼ፣ የእኔዋ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አትሄድም። ባለፈው ዘይት አስቀይሬ ነበር።

አዛውንቱ መካኒክ (አራዳ)፦
የምን ዘይት? ብዙዎቹ ቪትዞች ካምቢዮአቸው ሲቪቲ ነው፤ ውስጡ ጥርስ እየተቀያየረ አይደለም የሚሠራው፣ በሁለት ፑሊ መሀል የብረት ቀበቶ ነው የሚዞረው። የራሱ ዘይት አለው። የተራ አውቶማቲክ ዘይት ከተሞላበት ቀበቶው ይንሸራተትና ፑሊውን ይበላዋል። መንዳትሽን አቁሚና አምጫት። በገመድ እያስጎተትሽ እንዳትመጪ ብቻ፤ ሞተሩ ጠፍቶ የፊት ጎማዋ መሬት ላይ ከዞረ ካምቢዮው ዘይት አይደርሰውም። የሚጭን መኪና ፈልጊ።

ከጀርመን የተመለሰ (ቀሀ አካባቢ)፦
ስለ ፈቃዱ ሌላው ዓለም ያደረገውን ልጨምር። እንግሊዝ አገር በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው የሚፈቀድለት አውቶማቲክ ብቻ ነው። ጀርመንም እንዲሁ ነበር፤ ከ2021 ወዲህ ግን መካከለኛ መንገድ አበጁ። ተማሪው ቢያንስ 10 ክፍለ ጊዜ በማኑዋል ይነዳል፣ እያንዳንዱም 45 ደቂቃ ነው፤ ማሠልጠኛው ራሱ ይፈትሸዋል። ዋናውን ፈተና በአውቶማቲክ ቢወስድም ሁለቱንም እንዲነዳ ይፈቀድለታል። ለእኛም የሚሆን ይመስለኛል። ነርሷ እህታችን አውቶማቲክ ብቻ የሚል ፈቃድ ትይዛለች፣ በማንም እዝነት ሳይሆን በሕግ። የቪትዟ ልጅ ከፈለገች አሥሯን ክፍለ ጊዜ ነድታ ሁለቱንም ታገኛለች።

ነርሷ (አዘዞ)፦
ይህ ሐሳብ ይስማማኛል። ፈቃዴ ላይ ምን መንዳት እንደምችል በግልጽ ይጻፍ፤ አላፍርበትም።

ባለ ባጃጅ (ፒያሳ)፦
እኔም በዚህ እስማማለሁ። የመጀመሪያውን ቃሌን አንሥቻለሁ።

መካኒካል ያጠናው (ማራኪ)፦
ይህ ሁሉ ክርክር ለከባድ መኪና ይቆይ እንጂ ለቤት መኪና ጊዜው እያለፈበት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው፤ የተለመደው የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ የሚቀያየር ማርሽ የለውም፣ አንድ ቋሚ ጥርስ ብቻ ነው ያለው። ነገ የሚማሩት ልጆች ፍሪሲዮን የት ያገኙታል?

ቁልቁለቱ ግን ለኤሌክትሪኩም ጉዳይ ነው። እግር ሲነሣ ሞተሩ ተገልብጦ ጄኔሬተር ይሆናል፣ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። 1.6 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው፤ ያ ሁሉ ወይ ባትሪ ይገባል ወይ ፍሬን ያግላል። አሁን አስቡት፦ ደባርቅ ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልታችሁ ሊማሊሞን ብትጀምሩ ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ የለውም። መያዙ ይቀንስና ሥራው ተመልሶ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ባትሪውን ጎደል አድርጎ መነሣት አለበት። ይህን የሚያስተምር ማሠልጠኛ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ባለ ሲኖ (መተማ መስመር)፦
ይሄንንስ አላውቅም ነበር። ለካ እዚያም ማርሽ መያዝ የሚባል ነገር አለ።

እህቱ (ማራኪ)፦
የተባለልኝ እኔ ነኝ፤ ሁሉንም አነበብኩ። ወንድሜ ያልነገራችሁ ነገር አለ። ለመመዝገብ ሄጄ የተለማማጆቹን መኪና ቆሜ አይቼ ነበር። ሜዳ ነው። በቆርቆሮዎች መሀል ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ማቆም። በማኑዋል ነበር የሚለማመዱት፤ አንድም ቁልቁለት ግን አልወረዱም። ከአጎቴ ጋር የተጣላሁት ፍሪሲዮን ስለፈራሁ አይደለም። እዚያ ሜዳ ላይ ፍሪሲዮን ረግጬ ስላለፍኩ ብቻ ሊማሊሞን የማውቅ አስመስለው ፈቃድ ሲሰጡኝ ነው የምፈራው። በማኑዋልም ይሁን በአውቶማቲክ፣ ፈተናው ውስጥ ረጅም ቁልቁለት ይግባ። ሌላው ቢቀር ከጎሃ ሆቴል እስከ ከተማው ያለውን ቁልቁለት አስወርደው ይዩን። ማርሽ ይዤ ከወረድኩ አሳልፉኝ፤ ፍሬን እያሸተትኩ ከወረድኩ ጣሉኝ።

አዛውንቱ መካኒክ (አራዳ)፦
ልጄ፣ ተባረኪ። እንዲህ ተብሎ ቢጻፍና ቢቀርብ እኔ እፈርማለሁ።

ከጀርመን የተመለሰ (ቀሀ አካባቢ)፦
እኔ ማመልከቻውን እጽፋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ እንጠይቅ፦ አውቶማቲክ ብቻ የሚል ፈቃድ ይኑር፣ የቁልቁለት ፈተና ደግሞ ለሁሉም ይሁን። የምትፈርሙ ንገሩኝ።

ባለ ሲኖ (መተማ መስመር)፦
የመጀመሪያው ላይ ገና ልቤ አልሞላም፤ አገራችን ላይ ያለው መኪና አብዛኛው ማኑዋል ነው። ለሁለተኛው ግን ስሜን አስቀድመህ ጻፍ። የመስመሩን ሹፌሮችም አስፈርማለሁ።

ጠያቂው (ማራኪ)፦
ስልኩን ለአጎታችን ሰጥቼ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ቃላቸው ይኸው፦ «ፍሪሲዮኑን እኔ አስተምራታለሁ፣ ማሠልጠኛው አያስፈልግም። ቁልቁለቱን ግን በራሷ መኪና ትውረድ፤ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት እንነሣለን፣ እስከ ደባርቅ እኔ እነዳለሁ። ሊማሊሞ አፋፉ ላይ ቆመን ከላይ አሳያታለሁ እንጂ ገና አላወርዳትም። ስንመለስ የጎሃን ቁልቁለት ሦስት ጊዜ ትወርዳለች፣ እኔ ጎኗ ነኝ።»

አዛውንቱ መካኒክ (አራዳ)፦
ዓርብ ማታ መኪናዋን እኔ ጋ አምጧት። የፍሬኑን ሸራ ሳላይ እንዳትነሡ።