ዳንቴሌ ሳህን ሆነብኝ፣ ዝናቡም አያባራ

ጠያቂዋ (አዲስ አበባ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐምሌ ነው፣ ትምህርት ተዘግቷል፣ ዶፉ ከትናንት ጀምሮ አላባራም። ዛሬ የትም አልሄድም። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኛል፤ ቡናዬን አፍልቼ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እየሰማሁ፣ እጄን ሥራ አስይዤ መዋል ነው ያማረኝ። መብራትም ስለጠፋ የቴሌቪዥን ጫጫታ የለም።

ችግሬ ይሄ ነው። ለጠረጴዛ የሚሆን ክብ ዳንቴል ጀምሬ ነበር። እንደመዘርጋት ጠርዙ ወደ ላይ እየተነሳ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ ቀረ። የምሠራው ረጅሙን ዓይን ነው፣ ክሩን አንዴ ኪሮሹ (የዳንቴል መርፌው) ላይ ጠምጥሜ የማወጣውን። መጀመሪያ ዙር 12 ዓይን፣ ሁለተኛው 24፣ ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ 24 በ24 ሄድኩ። ሁለቴ ፈታሁት! የ9 ዓመቱ ልጄ ደግሞ "ደበረኝ" እያለ ክሬን ይጎትታል። ለእሱም የሚሆን ካላችሁ ወዲህ በሉ።

ባለኪሮሽ፦
እህቴ፣ ችግሩን ራስሽ ጽፈሽዋል፤ ሦስተኛው ዙር ላይ መጨመር አቁመሻል። ክብ ነገር ወደ ውጭ በሄደ ቁጥር ዙሪያው ይሰፋል፣ ዓይኑ ካልተጨመረለት ጠርዙ ወደ ላይ መነሳቱ የግድ ነው። በረጅሙ ዓይን ከሆነ በየዙሩ 12 ይጨመራል። 12፣ 24፣ 36፣ 48 እያልሽ ሂጂ። ሦስተኛው ዙር ላይ አንዱ ዓይን ላይ አንድ፣ ቀጣዩ ላይ ሁለት። አራተኛው ላይ ሁለቱ ላይ አንድ አንድ፣ ሦስተኛው ላይ ሁለት። እንደዛ እያለ ይቀጥላል። በአጭሩ ዓይን (ሳትጠመጥሚ) ከሆነ ግን ከ6 ተነስተሽ በየዙሩ 6 ነው። ሁሉንም አትፍቺው፣ ሁለተኛው ዙር ድረስ ብቻ መልሺ።

ከሲያትል፦
ቁጥሩ ልክ ሆኖም ትንሽ ከጎደጎደ እጅሽ ጥብቅ ነው ማለት ነው፣ አንድ ቁጥር ወፈር ያለ ኪሮሽ ሞክሪ። ጠርዙ በተቃራኒው እንደ ቀሚስ ዘርፍ ከተርገበገበ ደግሞ አብዝተሻል። እዚህ ዝናቡ የሚመጣው እናንተ በጋ ላይ ስትሆኑ ነው፣ ኅዳር ላይ እኔም እንዳንቺ ተቀምጬ ስጠልፍ ታገኚኛለሽ፤ አሁን ግን ፀሐይ ነው፣ ቀናሁብሽ።

መሶብ ሰፊዋ፦
ልጄ፣ ዳንቴሉን እነሱ ነግረውሻል። እኔ የማውቀው ስፌት ነው፣ ለሱ ደግሞ እንደ ክረምት የሚመች የለም። በበጋ ስንደዶው (የምንሰፋበት ሣር) ደርቆ ጣት ውስጥ ይሰበራል፣ ውሃ እየነካሽ ካልሆነ ወስፌ አያሳልፍም። አሁን አየሩ ራሱ ያለሰልሰዋል። ስንደዶ የሚነቀለው መስከረም አካባቢ ስለሆነ አሁን የምትሰፊው የአምናውን ነው። ገበያ አለላ (ቀለም የተነከረ ሣር) ካገኘሽ ከትንሽ ሰፌድ ጀምሪ። መሶብ ብለሽ እንዳትነሺ፣ ክረምቱ ያልቅብሻል፤ እኔ አንዱን ሁለት ዓመት ይዤዋለሁ፣ ክዳኑ አሁንም የለም።

የወንድ ልጅ አባት፦
ለልጁ መፍትሔ አለኝ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፣ ጅራፍ ይግመድ! ቃጫ ካለሽ ሦስት ቦታ ከፍለሽ ጫፉን በር እጀታ ላይ እሰሪለት፣ ወደ ጫፉ እያቀጠነ ይጎንጉን። ቤት ውስጥ ግን ማጮህ ክልክል ነው በይው፣ የኛ ብርጭቆ ምስክር ነው። እሱ ከሰለቸው የእንቁጣጣሽ ሥዕል ከአሁኑ ያዘጋጅ። የኔ ልጅ ጳጉሜን ላይ ሲጣደፍ አበባውን ሁሉ በአንድ ከለር ቀብቶት ጎረቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ሥዕል ደረሰው።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ ጅራፉን ሰምቶ ዘለለ፣ ግን ቃጫ የለኝም፣ ሥዕሉን ይዟል። ባለኪሮሽ፣ ተባረኪ፤ 36 ላይ ነኝ፣ ዳንቴሉ ዝርግ ብሎ ተኝቷል! ሲያልቅ ግን እንዴት ቀጥ ብሎ ይቆምልኛል? እናቴ በስኳር ነበር የምታደርገው።

ባለኪሮሽ፦
ስኳርና ውሃ እኩል አድርጎ አፍልቶ መንከር ይሠራል፣ ግን በክረምት እርጥበት ይስብና ይጣበቃል፣ ጉንዳንም ይጠራል። እኔ የምጠቀመው የበቆሎ ስታርች ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪ፣ አንድ ኩባያ የፈላ ውሃ ላይ ጨምረሽ እስኪወፍር አማስይ። ሲቀዘቅዝ ዳንቴሉን ነክረሽ ጨመቅ አድርጊው። ከዚያ ካርቶን ላይ ፌስታል አልብሰሽ ዘርጊና ዙሪያውን በስፒል ወጥሪው። ስፒሉ እንዳይዝግ ተጠንቀቂ፣ የዝገት ነጠብጣብ አይለቅም። በዚህ ዝናብ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩዪ።

ከሲያትል፦
ለማድረቅ ብለሽ ደግሞ ከሰል አቀጣጥለሽ መስኮት እንዳትዘጊ። ጭስ ባይኖረውም ጋዝ አለው፣ ሽታ ስለሌለው ሳይታወቅ ሰው ይገድላል። ቡናውንም ስታፈዪ መስኮቱ በደንብ ይከፈት።

ጠያቂዋ፦
እሺ፣ ከፍቻለሁ፣ ብርዱን ችዬ። 48 ላይ ደርሻለሁ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እያየሁት ነው፣ ዝርግ ብሏል። ልጁ አራት ሥዕል ጨርሷል። አንዱን አሁኑኑ በ20 ብር ሸጠልኝ፣ ገና ሐምሌ ነው ስለው "ቅድሚያ ክፍያ ነው" አለኝ።