የስዊች ማስጠንቀቂያ ብዛት ዋናውን ብልሽት ሸፈነብኝ

ጤና ይስጥልኝ። የመሥሪያ ቤታችንን 24 ስዊቾች (ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ የሚያገናኙ መሣሪያዎች) የክስተት መዝገብ በሲስሎግ (የመሣሪያዎችን የክስተት መልእክት መላኪያ ዘዴ)፣ በዩዲፒ ፖርት 514 በኩል ወደ አንድ የሊኑክስ ሰርቨር እየሰበሰብኩ፣ ከደረጃ 0 (እጅግ አስቸኳይ) እስከ 5 (ማሳሰቢያ) ያለው መልእክት ሁሉ በኢሜይል እንዲደርሰኝ አድርጌያለሁ። ይሁን እንጂ ሠራተኞች ኮምፒውተር በከፈቱና ባጠፉ ቁጥር የሚመጣው መልእክት እጅግ ስለሚበዛ፣ ባለፈው ሳምንት ሁለት ሕንፃዎችን የሚያገናኘው ፋይበር መቋረጡን የሚገልጸው ማስጠንቀቂያ በመካከሉ ተውጦ ሳላየው ቀረሁ፤ ይህም በጣም አሳስቦኛል። የተራ ተጠቃሚ ፖርት (በስዊቹ ላይ ያለ የኬብል መሰኪያ) እና የዋናው መስመር መቋረጥ የሚመዘገቡት በእኩል ደረጃ ስለሆነ፣ መቀበያውን ደረጃ 3 ላይ መወሰኔም አልረዳኝም። በተጠቃሚ ፖርቶች ላይ ብቻ የመስመር ሁኔታ ምዝገባን ብዘጋ፣ የሉፕ (ዳታ በኔትወርኩ ውስጥ ያለማቋረጥ የመዞር ችግር) ምልክት ሊሆን የሚችለው የማክ አድራሻ (የአንድ መሣሪያ የኔትወርክ መለያ) ከፖርት ወደ ፖርት የመዘዋወር መልእክትም አብሮ ይቀርብኛል? ወይስ ሁሉም እየተመዘገበ ማጣሪያውን በሰርቨሩ ላይ ማድረጉ ይሻላል? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።