ትንሹ ፓኬት ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል

ሰላም ወገኖች። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ የፕሪንት ቤት አለኝ። አዲስ ራውተር ከገባ ወዲህ ግራ ገብቶኛል። ቴሌግራም ላይ ጽሑፍ ወዲያው ይሄዳል። ፋይል ሲላክ ግን መሽከርከር ብቻ ነው። ማመልከቻቸውን መላክ አቅቷቸው የሚመለሱት ተማሪዎች አንጀቴን ይበሉታል።

ፓኬቱ (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት ቁራጭ) እንዳይከፋፈል አድርጌ በፒንግ (መስመር መፈተሻ ትእዛዝ) ስሞክር 1464 ባይት ያልፋል፤ 1472 መልስ የለውም። ፒንግ ከዳታው ፊት የሚጨምራቸው ሄደሮች፣ የአይፒው 20 እና የአይሲኤምፒው 8 ባይት፣ ሲደመሩ ጣሪያው 1492 መሆኑ ነው። መስመሩ ፒፒፒኦኢ (በዩዘርኔምና በፓስወርድ የሚገናኝ ዓይነት) ስለሆነ ከ1500ው 8 ባይት እሱ ይወስዳል። ራውተሩ ላይ ግን ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) 1500 ተሞልቷል። «አሳንሰህ ላክ» የሚለው መልእክት ለላኪው ኮምፒውተር አይደርሰውም መሰለኝ፤ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ይደጋግማል።

ኤምቲዩውን 1492 ባደርገው ይበቃል ወይስ የቲሲፒውን ኤምኤስኤስም (ሄደሮቹ ሳይቆጠሩ አንድ ፓኬት የሚይዘው የዳታ ጣሪያ) ወደ 1452 ላውርደው? የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። የምዝገባ ሰሞን ስለሆነ ቸኩያለሁ።