«ማሂ» ለምንላት ልጅ ዋናው ስም ማን ይሁን? ማሕሌት የዜማ ነው ወይስ የመቆም?

ፒያሳዊ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጥቅምት ላይ ሴት ልጅ እንጠብቃለን። ባለቤቴ ከአሁኑ «ማሂ» እያለች ታወራታለች፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ቁልምጫው ተገኝቷል፤ የጎደለን ዋናው ስም ነው። ማሕሌት ልንላት አስበን ቡና ላይ ባነሳው ትልቋ አክስቴ «ማሕሌት ካላችኋት እንቅልፍ የላትም፤ እናንተም አብራችሁ ትቆማላችሁ» አሉ። የአራዳ ጊዮርጊስ ሰው ናቸውና ነገሩን ንቄ አላለፍኩትም። ቃሉ ራሱ የመቆም፣ የማደር ትርጉም አለው?

የዜማ ልጅ፦
መቆሙ ከሥርዓቱ እንጂ ከቃሉ አይደለም። ማሕሌት የወጣው ከግእዙ ሐለየ ነው፤ ሐለየ ማለት ዘመረ፣ አዜመ ነው። «ማሕሌት ቆመ» የሚባለው ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ሌሊቱን ስለሚዘልቁት ነው።

አራት ኪሎ፦
ቆይ፣ በሐመሩ ሐ ጻፍከው? ማኅሌተ ጽጌ፣ መኃልየ መኃልይ፣ ሁሉም የሚታተመው በብዙኃኑ ኀ ነው።

የዜማ ልጅ፦
የታተመው ሁሉ ሥሩን አይነግርህም። በብዙኃኑ ከሆነ ኀለየ አሰበ ማለት ነው፤ ኅሊናም ከዚያ የወጣ ነው። ልጅቷን «ሐሳብ» ልትላት ነው?

አራት ኪሎ፦
ምን ክፋት አለው? በልቡ ያላሰበ አያዜምም። እኔ ሁለቱ ጥንት አንድ ቃል ነበሩ ባይ ነኝ።

የዜማ ልጅ፦
ለስብከት ያምራል፤ ለሥርወ ቃል ግን አይበቃም። ግእዙ ሁለት ፊደል የቀረጸው ሁለት ድምፅ ስለነበረው ነው። አማርኛችን ሐ፣ ኀ፣ ሀን አንድ አድርጎ ስላነበበ ነው ይህ ሁሉ ክርክር የመጣው።

ካዛንቺስ፦
ታዲያ ኀውን ከወደዳችሁት ማኅደር በሏት፤ እሷም ማሂ ትባላለች። ሥሩ ኀደረ ነው፣ ማደሪያ። እመቤታችን ማኅደረ መለኮት ትባላለች፤ የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ ከረጢትም ማኅደር ነው። ለሴት ልጅ ከዚህ የከበረ ስም አላውቅም።

ስድስት ኪሎ፦
እኔን የሚገርመኝ «ማሂ» መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ» ናት። የድሮው ቁልምጫ ገብሬ፣ ተክሌ፣ ኃይሌ ነበር፦ ከገብረ፣ ከተክለ፣ ከኃይለ። ማሂ፣ መሲ፣ ቲጂ ከየት መጡ? እንደኔ «ነዪ»፣ «ሂጂ» ከሚለው የሴት ትእዛዝ ነው። ሂድ ሂጂ እንደሚሆን ትዕግስትም ቲጂ ሆነች።

የዜማ ልጅ፦
አድርግ የሚለው አድርጊ ይሆናል እንጂ አድርጂ አይባልም፤ «ግ» በትእዛዝ አይለወጥም። የሚለወጠው «ድ» ነው። ቴዎድሮስ ደግሞ ቴዲ እንጂ ቴጂ አልተባለም። በዚያ ላይ ቴዲ፣ ሳሚ፣ ሚኪ ወንዶች ናቸው።

ስድስት ኪሎ፦
የቴዲው ይሁን፣ የውጭ ስም ጠረን አለበት። የቲጂዋን ግን አልለቅም።

ፒያሳዊ፦
ወገኖቼ፣ የኔ ጥያቄ የአክስቴ ነገር ነበር። እሳቸው የፈሩት ስሙ ዕጣ ይሆናል ብለው ይመስለኛል።

ካዛንቺስ፦
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ፤ ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን የክርስትና ስሟ በ80 ቀኗ ለብቻው ይወጣላታል፣ እሱን ለንስሐ አባትህ ተወው። ለወሳኝ ኩነት ምዝገባ ያለህ 90 ቀን ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቀን ካለፈ በኋላ የሚቀርህ ጥቂት ስለሆነ ዋናውን ስም አሁኑኑ ቁረጥ።

የዜማ ልጅ፦
ደግሞም ማኅሌተ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ዘመን ነው የሚቆመው። ጥቅምት ላይ ከተወለደች ሊቃውንቱ ቅዳሜ ሌሊት ስሟን ይዘው ሲያድሩ ነው የምትመጣው። አክስትህን ይህን ንገራቸው፤ ደስ ይላቸዋል። ስታስመዘግባት ፊደሉን ራስህ ጽፈህ ስጥ፣ በሐመሩ ሐ።

አራት ኪሎ፦
አሁን ራስህ «ማኅሌተ ጽጌ» ብለህ በብዙኃኑ ጻፍክ።

የዜማ ልጅ፦
የመጽሐፉን ስም እንደታተመ ነው የጻፍኩት። የልጅቷ ገና አልታተመም።