መኪናዬ ደጀን ላይ ውሃ አፍልታ ቆማለች፤ ፋብሪካዎች ሲዋሃዱ መኪናው ይጠነክራል?

ጠያቂ፦ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን አቀበቱን ስወጣ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነክቶ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ስገዛት ደላላው «ፋብሪካው ከታወቀው የጃፓን ድርጅት ጋር ስለተዋሃደ ጥንካሬዋ ያው ነው፤ መለዋወጫውም ይገጥማል» ብሎኝ ነበር። እዚህ የተገኘው ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው ዕቃ) የዚያኛው ድርጅት ነው። ላስገጥመው? ደላላውስ እውነቱን ነው? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

የማርቆሱ፦ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ እንዳይከፍቱት።

ታዛቢ፦ ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚዋሃዱት ወጪ ለመጋራት ነው። የጀርመኑ ዳይምለርና የአሜሪካው ክራይስለር በ1998 እ.ኤ.አ. ተዋህደው በ2007 ተለያዩ። ሞተር መጋራት ደግሞ ጉድለትንም ያጋራል፤ በ1.2 ሊትሩ ፒውርቴክ ሞተር ውስጥ፣ ዘይት ውስጥ የሚሽከረከረው የጎማ ቺንጋ እየተላጠ ሲያስቸግር፣ ፔጆ የያዘውም ሲትሮይንና ኦፔል የያዘውም አብሮ ተቸገረ።

ሹፌር ከቡሬ፦ ፋብሪካዎቹ ሲጋቡ ድግሱን የበላው ባለአክሲዮኑ ነው፤ ጥሎሹን ግን ጠያቂያችን ደጀን ላይ እየከፈሉ ነው።

የማርቆሱ፦ እደግመዋለሁ፤ ክዳኑን እንዳይከፍቱት።

አንባቢ፦ ጥያቄው ራሱ ተዛብቷል፤ ኅብረትና ውህደት አንድ አይደሉም። ሬኖና ኒሳን በ1999 እ.ኤ.አ. ኅብረት ፈጠሩ እንጂ አልተዋሃዱም፤ የሆንዳና የኒሳን የውህደት ንግግርም በ2025 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል። ለአፍሪካ ገበያ የምትቀርበው የአሁኗ ቶዮታ ስታርሌት ደግሞ፣ ሁለቱ ድርጅቶች ሳይዋሃዱ፣ ህንድ ውስጥ የምትሠራው ሱዙኪ ባሌኖ ናት። ስለዚህ ዕቃ የሚጠየቀው በሻንሲ ቁጥር እንጂ በአርማ አይደለም።

መካኒክ ከፍኖተ ሰላም፦ የመኪናውን ዓይነትም ሆነ ዓመት አልነገሩንም። ሞተሩ በደንብ እስኪበርድ ጠብቀው ውሃ ይሙሉና ያስነሱት፤ ማራገቢያው መዞሩን ይመልከቱ። ሞተሩ ሞቆ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ሲያቃጥል የታችኛው ከቀዘቀዘ ቴርሞስታቱ ሳይዘጋ አልቀረም። የዘይቱ ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካዩ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ ሊሆን ይችላልና አይንዱት። ቴርሞስታት የማንም ይሁን፣ ስፋቱና በላዩ የተጻፈው የመክፈቻ ሙቀት ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት።

ጠያቂ፦ የታችኛው ቱቦ ቀዝቃዛ ነው። የሰፈሩ መካኒክ አሮጌውን ሲያወጣው 82 ይላል፤ አዲሱ ላይ 88 ተጽፏል። ስፋታቸው እኩል ነው።

መካኒክ ከፍኖተ ሰላም፦ ለዚያ አቀበት ቀድሞ የሚከፍተው ይሻላልና 82 ያለውን ከማርቆስ ያስልኩ። ደላላው ስለ ስፋቱ አልዋሸም።

የማርቆሱ፦ ለመሆኑ ክዳኑን በትኩሱ ነው የከፈቱት?